የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ በሐረርና በድሬ፦ ምን ይለበስ፣ ምን ይጠጣ፣ የት ይታደር?

ኅዳር ሲገባ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ድሬ ሙቀት ነው አይደል? ሹራብ ልያዝ ወይስ ይቅር?» ሐረር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ይጨምራል፤ «ጋቢ ያስፈልጋል እንዴ?» ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። የት እንደምታድሩና በስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጡ ነው የሚወስነው። የእኛ ብርድ የሰዓት ብርድ ነው። ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ፀሐይ ከፍ ስትል ይሄዳል። ስለዚህ ልብስም ይሁን መጠጥ፣ ስፖርትም ይሁን የቤት ማሞቂያ ስትመርጡ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

ነገሩ ከከፍታ ይጀምራል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900ን ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐረር ከድሬ በአራት በአምስት ዲግሪ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ከድሬ አመሻሽ ላይ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይህንን በዓይኑ ያየዋል፤ ታች መስኮቱን ሁሉ ከፍተው የነበሩት ተሳፋሪዎች የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፣ ሻርፕ ከአንገት ወደ ራስ ይወጣል፣ ሐረማያ ሲደረስ ሾፌሩም የራሱን ዘግቷል።

በነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ሲለቅ የሚያግደው የለም። አየሩም ደረቅ ነው። ሐረማያ ሜዳ ላይ ውርጭ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ድሬ ግን ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ቢወርድ ነው፣ ቀን ደግሞ ወደ 28 ይወጣል። አሥራ ሦስት ዲግሪ ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ! ጠዋት ወፍራም ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ በእጁ ይዞት ሲዞር የምታዩት ለዚህ ነው።

ጋቢ፣ ጃኬት ወይስ ሹራብ?

ሐረር ለሚያድር ሰው ያለ ማወላወል ጋቢ እላለሁ። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ሙቀቱን የሚይዘው በድርቦቹ መካከል የሚቀመጠው አየር ነው፤ ለዚህ ነው ቀጭን ሆኖ እንኳ የሚሞቀው። ማታ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሌሊት ከብርድ ልብስ ሥር ይገባል፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ ይደረባል፣ ረፋድ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ጃኬት ይህን ሁሉ አይሠራም። ቡልኮ ከጋቢም ይሞቃል፤ ግን ከባድ ነው፣ ለተኛ ሰው እንጂ ለሚንቀሳቀስ አይመችም። ነጠላ ለድሬ ምሽት ይበቃል። ለሐረር ሌሊት ግን አያዋጣም።

ጋቢ ስትገዙ ዝም ብላችሁ ንጣቱን አትዩ፣ ዳብሱት። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው ለእኔ ምርጡ ነው። ለስለስ ይላል፣ ሞላ ይላል፣ በታጠበ ቁጥርም ይበልጥ ሰውነት ይለምዳል። ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነው ቀጥ ያለና የሚያምር ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ሆኖም ሲነካ ይቀዘቅዛል። በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉትና ልቀቁት። የእጅ ፈትሉ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሌላው እንደተጨማደደ ይቀራል። የጥለቱ ስፋት የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ሙቀት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጃኬት የሚያሸንፍበት ቦታ አንድ ነው፤ ነፋስ ላይ። በሞተር ሳይክል የሚመላለስ፣ በባጃጅ ደጋግሞ የሚጓዝ፣ ማለዳ በእግሩ ሥራ የሚገባ ሰው ጃኬት ይግዛ። ጋቢ ለብሶ ሞተር ላይ መውጣት አደገኛ ነው፣ ጫፉ ጎማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጃኬቱ አዲስ መሆን የለበትም። ድሬ ታይዋን ገበያ፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ዞር ዞር ካላችሁ ጥሩ ሰልቫጅ አይጠፋም። ከመግዛታችሁ በፊት ዚፑን ከታች እስከ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት እዩ፣ ኪሱን ገልብጡ። እጁ ረዝሞ ወይም ወገቡ ሰፍቶ ከሆነ ጥሩ ጨርቅ በዚያ ምክንያት አትተዉ፤ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ሂዱ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ ያስተካክሉላችኋል። ወደ ቤት ስትገቡ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። የዚህ ወቅት ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል።

ሹራብስ? ለድሬ በቂ ነው። ከዚያም አልፎ ለድሬ ከጃኬት ይሻላል፣ ምክንያቱም ቀን አውልቆ ወገብ ላይ ማሰር ወይም ቦርሳ ውስጥ መክተት ይቻላል። ሴቶች ድሪያ፣ ያንን ስስና ሰፊ ቀሚስ፣ ለመተው አትቸኩሉ። ከሥር ቀጭን ሹራብና ታይት፣ ከላይ ሻል ከተደረገ የድሬን ምሽት በሚገባ ይመልሳል፣ ያምራልም። ሐረር ላይ ግን ድሪያው ለቀን ይሁን። ወንዶችም ቤት ውስጥ ሽርጥ ካላላችሁ በቀር እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነ ከሥር ቱታ ልበሱና ሽርጡን ከላይ አገልድሙ። ካልሲ ሳትረሱ! የሐረር ቤት ወለል ማታ ከእግር ጀምሮ ነው የሚይዘው።

ሆጃ፣ ቁቲ፣ ሻሂ ወይስ አጥሚት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ወቅት ትልቁ ደስታ ያለው ኩባያ ውስጥ ነው።

ሐረርጌ የቡና አገር ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ ማታ ማታ የሚጠጣው ፍሬው ብቻ አይደለም። ከፍሬው የወጣው ደረቅ ገለፈት ይፈላል፣ ወተት ይጨመርበታል፣ ሆጃ ይሆናል። ቅጠሉም ደርቆ፣ ጠበስ ተደርጎ ይፈላል፣ ይኸኛው ቁቲ ነው። አንዳንዱ በጨው ይወደዋል፣ ሌላው በስኳር። ሁለቱንም ያልቀመሰ ሰው ከየትኛው ይጀምር ቢባል ከሆጃ እላለሁ። ወተቱ ስላለበት ለስለስ ይላል፣ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሽታውም ቡና ቡና እያለ ጣዕሙ ወደ ደረቀ ፍራፍሬ ያደላል። ጥሩ ሆጃ አይቸኩልም። ገለፈቱ ውሃውን ቀይ ቡናማ እስኪያደርገው በደንብ መፍላት አለበት። ወተቱ ከዚያ በኋላ ገብቶ አብሮ አንድ ሁለት ጊዜ ይገነፍላል፣ ከዚያ ይጠለላል። ወተቱ መጀመሪያ ከገባ ገለፈቱ ጣዕሙን ሳይለቅ ወተቱ ያራል። ቁቲ ቅጠል ቅጠል ይላል፣ ቀለል ያለ ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው ይመቻል።

ሻሂ የድሬ ነገር ነው። ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ገብቶበት በወተት የፈላ ሻሂ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጅ ተቀምጦ ሲጠጣ ሌላ ነገር አያምርም አቦ! ዝንጅብሉን ከሄሉ በለጥ አድርጉት፤ ደረትን የሚያሞቀው እሱ ነው። ለሐረር ሌሊት ግን ሻሂ ቶሎ ያልቃል፣ ሙቀቱም አብሮ ያልቃል። እዚያ አጥሚት ይሻላል። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ሞቅ አድርጎ ከጠጡ በኋላ ጋቢ ውስጥ መግባት ነው፤ ቡናና ቁቲ እንቅልፍ ለሚነሳቸው ሰዎችም መፍትሔው ይኸው ነው።

የግመል ወተት የሚወድ ሰው ድሬ ነው ያለበት። ጠዋት ከገጠር የሚገባው ወተት የዕቃውን ጭስ ጭስ የሚል መዓዛ ይዞ ይመጣል። ጣዕሙ ከላም ወተት ቀጠን፣ ጨው ጨው ይላል። እንዲሁ ጥሬውን የሚጠጣ ብዙ ነው፤ የእኔ ምክር ግን አፍልታችሁ ጠጡት ነው፣ ጥሬ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፈልቶ ሻሂ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምንም አይጎድልበትም።

ቁርስን በሰዓት ምረጡ። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ሐረር ከሆናችሁ ገንፎ። ቅቤና በርበሬው መሃሉ ላይ ቀልጦ፣ በሁለት ጣት እየተቆረሰ የሚበላ ትኩስ ገንፎ የሚያሸንፈው ቁርስ የለም። ከ2 ሰዓት በኋላ ከሆነ ፉል ይሻላል፤ ከላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና እንቁላል አድርገው በትኩስ ዳቦ ሲያቀርቡት እስከ ምሳ ያደርሳል፣ ግን እንደ ገንፎ አያስተኛም። ፈጢራ ደግሞ የድሬ ረፋድ ምግብ ነው። ስሱ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ከላይ ማር። ስትበሉት ኮሽ ማለት አለበት፤ ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ ፈጢራ ከሰጡዋችሁ በትሕትና መልሱና ትኩሱን ጠብቁ።

ማታ መረቅ አይቅር። የፍየል መረቅ በሎሚና በቃሪያ ድሬም ሐረርም ይገኛል። ሐረሪ ወዳጅ ያለው ሰው ግን የአብሹን ሁልበት ከመረቅ ጋር እንዲያቀርቡለት ቢጠይቅ ይሻለዋል፣ የቤት ምግብ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሲበላ ነው የሚጣፍጠው። ከሰዓቱን በርጫ ላይ የምታሳልፉ ደግሞ ይህችን አስቡ፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፣ ማታ ስትነሱ ባዶ ሆድ ወደ ብርድ ትወጣላችሁ። ጋቢያችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ስትወጡም ባትፈልጉትም አንድ ሰሐን መረቅ ጠጡ።

ለጨዋታ የባቢሌ ለውዝ ይበቃል። ተቆልቶ ገና ሳይቀዘቅዝ ግዙት።

መራመድ፣ መሮጥ ወይስ ብስክሌት?

ይህ ወቅት ድሬ ላይ ስፖርት ለመጀመር የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ገና በጠዋቱ ላብ የሚያጥለቀልቀው ከተማ አሁን ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ለሩጫ የተመቸ ነው። ከዚራ ሰፈርን ምረጡ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ በማለዳ መኪና አይበዛበትም። ብስክሌት ላለውም ከተማው የተሠራለት ነው ማለት ይቻላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ የሚወዱ አሉ፤ አሸዋ እግርን ያጠነክራል፣ ግን ቁርጭምጭሚት ለሚያስቸግረው ሰው አልመክርም።

ሐረር ላይ ግን የማለዳ ሩጫ አይመረጥም። አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ነው፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ጎህ ሳይቀድ መውጣት ደግሞ ጅብ ገና ከከተማ ባልወጣበት ሰዓት መውጣት ነው፤ የሐረር ጅብና ሰው ተላምደዋል ቢባልም በጨለማ ብቻዬን ልሩጥ አይባልም። ጥሩው ሰዓት ከ3 ሰዓት በኋላ ወይም ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ነው። ሩጫውንም በእርምጃ ለውጡት። የጀጎልን ግንብ በውጪ ተከትሎ መዞር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ከዩኔስኮ መዝገብ የገባ ቅርስ ሥር ስፖርት የሚሠራበት ከተማ ብዙ አይገኝም። ከሸዋ በር ተነሱ፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፋላና በር አድርጋችሁ ወደ ሸዋ በር ተመለሱ። ሜዳ አይምሰላችሁ፣ ወደ ኤረር በር ቁልቁለት አለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ትከፍሉታላችሁ። ጉልበት ያለው ሐኪም ጋራን ይውጣ። ከላይ ከተማው ሙሉ ይታያል፣ ነፋሱ ግን ያየለ ነውና ላባችሁ ሳይደርቅ የምትለብሱት ነገር ይዛችሁ ውጡ።

ከሰል፣ ኤሌክትሪክ ወይስ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ?

እዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም። ከሰል እያጨሱ ወይም ፍም ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ የቀላ ምድጃ «በስሏል፣ አይጎዳም» ቢባልም ጋዙ ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ደጅ ውጡ። ቡና ለማፍላት፣ ዕጣን ለማጨስ ከሰል ይቀጣጠል፣ በሩ ግን ክፍት ይሁን፣ ከመተኛት በፊትም ምድጃው ግቢ ይውጣ። አደራ።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አደጋው ያነሰ ነው፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ከራቀ ማለቴ ነው። ችግሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱና ቆጣሪ ማብላቱ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ክፍሉን አሙቁና አጥፉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ለሐረር እንኳ አያስፈልግም። የእኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው። ሙቅ ውሃ የሚሞላ የጎማ ከረጢት፣ እሱ ከሌለ ጠንካራ ክዳን ያለው ጠርሙስ። የፈላ ሳይሆን ሞቅ ያለ ውሃ ሙሉበት፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልሉት፣ እግራችሁ የሚያርፍበት ቦታ ከብርድ ልብሱ ሥር አስቀድማችሁ ክተቱት። ለሕፃን ካደረጋችሁ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አውጡት።

ቤቱም ራሱ ምርጫ ነው። የጀጎል የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይሰጣል። ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደርጎ ሲቀመጡበት የቆርቆሮ ጣሪያና ቀጭን ብሎኬት ካለው አዲስ ክፍል በጣም ይሻላል። ሐረር ማደሪያ የምትፈልጉ፣ የባህል ቤት ውስጥ ክፍል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ድሬ ላይ በሙቀት ወራት አልጋ ግቢ አውጥቶ የሚያድረው ሰው ሁሉ አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ይበቃዋል።

ገላ መታጠብን በተመለከተ ድሬ ላይ ውሃ ማሞቅ አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቧንቧውን ክፈቱና እዩ። ጠዋት ከሆነ ያው ቀዝቃዛ ነው። ሐረር ላይ ሰዓቱን ጠብቁ ወይም አሙቁ። ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም የሰሊጥ ዘይት ተቀቡ። ሎሽን ለድሬ ይበቃል፣ የሐረር ደረቅ ነፋስ ግን ከንፈርና ተረከዝ ይሰነጥቃል፤ እሱን የሚችለው ወፈር ያለ ቅባት ነው።

ድሬ ልደር ወይስ ሐረር?

ከአዛውንት ወላጅ ወይም አስም ካለበት ሰው ጋር ከሆናችሁ ድሬ እደሩና ቀን ሐረር ውላችሁ ተመለሱ። ረፋድ 3 ሰዓት ተነስታችሁ 11 ሰዓት ሳይሆን ብትመለሱ ብርዱን ሳታገኙት ከተማውን ታያላችሁ። ወጣት ከሆናችሁ፣ የጀጎልን ምሽትና የጅቡን ትርኢት ማየት ከፈለጋችሁ ሐረር እደሩ፤ ጋቢና ካልሲ ካላችሁ አብሽሩ።

የምትመጡት ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከሆነ ግን ሁሉም ይቀየራል። ቁልቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ደጅ ያድራል። ስለዚህ አንድ ጋቢ አይበቃም። ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያዙ፤ ከላይ ካለው አየር ይልቅ መሬቱ ነው ሙቀት የሚወስደው። በእግር ከድሬ የምትወጡ ጃኬቱን ለጉዞ፣ ጋቢውን ለማደሪያ አድርጉት፣ ደረቅ ካልሲና ካናቴራ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ ላብ የነካውን ቀይሩ። ቴርሞስ ሻሂ ከድሬ ሞልታችሁ ውጡ። አልጋ የምትፈልጉ ድሬም ሐረርም በዚያ ሳምንት ይሞላል፣ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ቀኑን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ከንግሡ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኑ፣ ብርዱ ያው ነው፣ ክፍል ግን ይገኛል።